የጸጉር ሠሪዋ ትከሻ

አክስቴ ቅናት መደበቅ አትችልበትም። ሌላው ሰው ሲቀና ወሬ ይቀይራል፣ ወይም "ደስ ብሎኛል" ብሎ ጥርሱን ያሳያል። የሷ ግን የአንገቷ ሥር ይገተራል፣ ድምጿ ይቀጥናል፣ እጇ ማረፊያ ያጣል፤ የታጠፈ ፎጣ ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። በወጣትነቷ የእጅ ኳስ ግብ ጠባቂ ነበረች። ግድግዳ የሚለው ቅጽል ስም ያኔ ወጣላትና አብሯት አረጀ። ጣቷ ተሰብሮ ከሜዳ በወጣችበት ሰሞን ተቀያሪዋ ስትጫወት ላለማየት ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ትቀመጥ እንደነበር የድሮ ጓደኞቿ እያነሱ ይስቁባታል። "ቡድናችሁ ሲያሸንፍስ?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ጩኸቱን እሰማ የለ እንዴ" አለችኝ።

ኳስ ካቆመች በኋላ አሰልጣኝ ሆነች። የምትሠራበት ጂም ከቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ያለ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ አንደኛው ጎኑ ከዳር እስከ ዳር መስታወት፣ ወለሉ ጥቁር የጎማ ምንጣፍ። ጠዋት ጠዋት መስኮቶቹ በሰው ትንፋሽ ይደበዝዛሉ። የምታሠራቸው አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሸኝተው የሚመጡ እናቶችና ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ስትሠራ ብዙ አታወራም። ጎንበስ ቀና ከሚለው ሰው ኋላ ትቆምና መዳፏን ጀርባው ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ከዚያ ውስጡ ምን እንደሚያመው ይገባታል። ሰዎቹን በስማቸው ሳይሆን በሕመማቸው ነበር የምታስታውሳቸው። ቤት ስትገባ ጫማዋን እያወለቀች "ዛሬ ግራ ጉልበት ቀረች፤ ልጇን አሞት ይሆናል" ትላለች። ወይም "የታችኛው ወገብ አማቷ መጡባት መሰለኝ፣ ፊቷ ጠቁሯል።" እኔም ከጊዜ ብዛት ለመድኩት፤ ሰፈሩ በሙሉ የጉልበትና የወገብ ሰፈር መሰለኝ።

በሕመሟ የማትጠራት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷን "ጓደኛዬ" ትላታለች።

ጓደኛዋ ጸጉር ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ክንዷን ከትከሻዋ በላይ አንስታ ስታበጥር፣ ስትጠቀልልና ስታደርቅ ትውላለች። ቀልደኛ ናት፤ የሰው ሁሉ ምስጢር ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ስለሚወጣ ወሬ አያልቅባትም። አክስቴ ከሷ ሌላ ጓደኛ አልነበራትም። ሌላ ፈልጋም አታውቅም።

የጓደኝነታቸው ሥር አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ክፍለ ጊዜው አልቆ ሁሉም ወጥተዋል። ጸጉር ሠሪዋ ላብ የጠጣ ጠባብ ከናቴራዋን በራሷ በኩል ስታወልቅ ቀኝ ትከሻዋ ከቦታው ወጣ። ጩኸቷን የሰማችው አክስቴ ብቻ ነበረች። አግዳሚው ላይ አስተኛቻት፤ የቡድናቸው ሐኪም ድሮ ሲያደርግ እንዳየችው ክንዷን ቀስ ብላ ሳበችና መለሰችው። ጸጉር ሠሪዋ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች።

"ለማንም እንዳትነግሪብኝ" አለቻት። "ልጅ ሆኜም ወጥቶብኝ ያውቃል። ባለቤቴ ከሰማ ሱቁን ዝጊ ነው የሚለኝ። ደንበኛ ከሰማ ደግሞ ጸጉሩን ማን ይሰጠኛል?"

"እኔ ልሙት፣ አልናገርም።"

ከዚያ በኋላ አክስቴ የጓደኛዋን እንቅስቃሴ በሙሉ ለወጠችው። ክንድ ወደ ላይና ወደ ኋላ የሚያስኬድ ነገር ሁሉ ቀረ፤ በምትኩ የልምምድ ላስቲክ ዝቅ አድርጎ መጎተት ሆነ። ሌሎቹ "ለሷ ታዳላለች፣ ቀላል ቀላሉን ነው የምታሠራት" እያሉ ያሟት ነበር። አክስቴ ሐሜቱን ሰምታ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ውስጥ ግን ደስታ ነበረበት። ማንም የማያውቀውን ታውቃለች። የሰው ገላ ላይ የራሷ የሆነ ነገር ያገኘች ይመስላት ነበር።

ኋላ አዲሷ መጣች።

አዲሷ የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ተምራ የተመረቀች ወጣት ናት። ድምጿ ለስላሳ ነው። ስትነካህ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ "እዚህ ጋ ልያዝዎት? ካመመዎት ይንገሩኝ፣ እናቆማለን" ትላለች። ሰዎቹ ይህን ለምደው አያውቁምና ወደዷት። "ዶክተርዬ" ይሏት ጀመር። እሷም "ኧረ ዶክተር አይደለሁም! እንዲህ አትበሉኝ፣ ሕጉም አይፈቅድልኝም" ትላለች። በዚህ ይባስ ወደዷት።

መጀመሪያ የከዱት ጋሼ ፍሬን ናቸው። የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ሰው ገጭተው ስለማያውቁ ነው ስሙ የወጣላቸው። አንድ ጠዋት በአክስቴ ፊት ጉልበታቸውን እያጠፉ እየዘረጉ፣ "ዶክተርዬ ካየችው ወዲህ አዲስ ጎማ የገባለት መሰለ" አሉ።

"ጎማውማ ድሮም ደህና ነበር። የተነፈሱት እርስዎ ነዎት" አለች አክስቴ።

"ምነው ግድግዳዬ! ቅናት ነው እንዴ?"

"በምንዎ ልቅና? በቦርጭዎ?"

ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን ፎጣ ስታጥፍና ስትፈታ አመሸች።

በዚያ ሰሞን አንድ ሌላ ጂም ተከሶ ነበርና የኛው ሥራ አስኪያጅ ደነገጠ። ጠበቃ ጠርቶ አሰልጣኞቹን አንድ ከሰዓት በኋላ ሰብስቦ አስተማራቸው። ጠበቃው ጉንፋን የያዘው ቀጭን ሰው ነበር። ወንበር ስለጠፋ ብረት የሚነሳበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን እየጠረገ ነው የተናገረው።

"አንድ ሰው አሠሩኝ ብሎ ከእጃችሁ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ የጥንቃቄ ግዴታ አለባችሁ" አለ። "ጉዳት ቢደርስ ፍርድ ቤት 'ክፉ ሰው ነህ ወይ?' ብሎ አይጠይቅም። 'በዚህ ሙያ ያለ ጠንቃቃ ሰው እዚያ ቦታ ቢቆም ምን ያደርግ ነበር?' ብሎ ነው የሚጠይቀው። ከዚያ ያነሰ ከሠራችሁ፣ በዚያም ምክንያት ሰው ከተጎዳ፣ ቸልተኝነት ይባላል። እሺ፣ ላብ የፈሰሰበት ወለል አይታችሁ ብታልፉና ሰው ቢወድቅስ? 'አላወቅሁም' ያዋጣል?"

"አያዋጣም" አለች አዲሷ። "ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ መገመት ይቻል ነበራ።"

"እሰይ! አንቺስ እንጀራዬን ልትቀሚኝ ነው" አለ ጠበቃው፣ ሰዉ ሳቀ።

አክስቴ አልሳቀችም። አንገቷ ተገትሮ እጇን አወጣች። "ሰውየው ራሱ ቢዋሽስ? አመመኝ ሳይል ቢደብቅ፣ አሰልጣኙ ጠንቋይ ነው?" አለች። አዲሷን ለማጥመድ ብላ የጠየቀችው ነው፤ ሌላ ሐሳብ ያኔ አልነበራትም። መልሱን ግን ጠበቃው ራሱ ወሰደው።

"ቢዋሽ የጥፋቱን ድርሻ ይወስዳል። ውሸት መሆኑን እያወቀ ዝም ያለ አሰልጣኝ ግን 'ዋሽቶኝ ነው' ብሎ አያመልጥም።"

አክስቴ ይህን መልስ ቤት መጥታ ነገረችኝ። የነገረችኝ ስለ ሕጉ ብላ አልነበረም። "እሷን 'እሰይ' አላት፣ እኔን ዝም ብሎ መለሰልኝ" ለማለት ነው።

ብዙ ሳይቆይ ጸጉር ሠሪዋም ወደ አዲሷ ሄደች። አዲስ ጫማ አድርጋ መጥታ አክስቴን ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና፣ "ለትንሽ ጊዜ ነው እሺ? ለመቀየር ያህል። ዘላለም ያንኑ ላስቲክ መጎተት ሰለቸኝ እኮ" አለቻት።

"ያንቺ ጉዳይ ነው" አለች አክስቴ።

"አኩርፈሽ ነው?"

"ለምን አኮርፋለሁ፣ ሕፃን ነኝ?"

አዲሷ ጸጉር ሠሪዋን መስታወቱ ፊት አቁማ መጠየቅ ጀመረች። አክስቴ ትንሽ ራቅ ብላ ላስቲኮቹን እየጠቀለለች ነበር። እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች።

"የድሮ ጉዳት አለብዎት? የተሰበረ፣ የወለቀ፣ ቦታውን የለቀቀ ነገር?"

"ኧረ ምንም! ሙሉ ጤና ነኝ።" እንዲህ ስትል ዓይኗ መስታወቱ ውስጥ ከአክስቴ ዓይን ጋር ተገናኘ። አደራ የሚል ዓይን ነበር።

አክስቴ ያን ጊዜ ልትናገር ትችል ነበር። ጓደኛዋን ወደ ጎን ጠርታ "ንገሪያት፣ ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ" ማለትም ነበረባት። ላስቲኩን ጠቅልላ ጨረሰችና ሄደች። ማታ፣ "ለምን ዝም አልሽ?" ስላት "ቃል ገብቻለሁ" አለችኝ። ቃሉን እየጣማት ነው ያለችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳልጠይቃት፣ "ተምራለች አይደል? እስቲ ትወቀዋ" አለች።

ይቺ ሁለተኛዋ መልሷ ናት እውነተኛዋ።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ለአክስቴ መከራ ነበሩ። ጸጉር ሠሪዋ እየጠነከረች፣ እየሳቀች ሄደች። አዲሷ በቀላል ብረት ስለጀመረች ትከሻው ምንም አላለም። ሁለቱ ምን እንደሚያስቃቸው አክስቴ ከአዳራሹ ማዶ ሆና ለመስማት ትሞክራለች፤ እናቶቹ ምንጣፍ ላይ ተኝተው "ስንት ቀረን?" ሲሏት የት እንደደረሱ ይጠፋታል። አንድ ቀን ገና በሩን ከፍታ ስትገባ፣

"ጸጉሯን ተሠርታለች" አለችኝ።

"ማን?"

"እሷ ናታ! የኔ ጓደኛ ጋ ሄዳ። ሹሩባ። ስታምር ደግሞ፣ አይጣል ነው።" ወንበር ላይ ዘፍ አለች። "የኔን ጸጉር እኮ ሠርታ አታውቅም። ምኑን ትሠራዋለች፣ እንደ ወንድ ነው የምቆረጠው።" እጇን በአጭሩ ጸጉሯ ላይ አዟዟረችው። እስከዚያ ቀን ጸጉሯ አሳስቧት አያውቅም።

ትከሻው የወጣው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። አዲሷ ለጸጉር ሠሪዋ ረጅሙን ብረት ሰጥታት ነበር፤ ከባድ አይደለም፣ ግን ከአንገት ኋላ ተነስቶ ወደ ላይ የሚገፋ ነው። አክስቴ በመስታወቱ ውስጥ አየች። ክርኖቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ አየች። ምን እንደሚመጣ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ለይታ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። "አፌ ውስጥ ነበር" አለችኝ በኋላ። "'ተይ!' የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። አንዴ ብቻ ልየው አልኩ።"

ብረቱ ወለሉን ሲመታ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ጸጉር ሠሪዋ በጉልበቷ ወደቀች። አክስቴ ምንጣፎቹን ረግጣ፣ ሰው ገፍትራ ደረሰችና እጇን ወደ ክንዷ ስትሰድ አዲሷ ቀና ሳትል፣ "እንዳይነኳት፣ እትዬ" አለቻት።

"እኔ እመልሰዋለሁ!"

"አይሆንም። የኛ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።" ክንዱን እንዳለ በፎጣ ደግፋ ያዘች፤ አምቡላንስ እንዲጠራ አዘዘች፤ በለስላሳ ድምጿ "አይዞዎት፣ እኔ አለሁ" ትላለች። ጸጉር ሠሪዋ በደህናው እጇ የአዲሷን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች። አክስቴ ቦታ አጥታ የጓደኛዋን እግር ያዘች። ጫማዋን። "በዚያች ሰዓት እንኳ የያዘችው የሷን እጅ ነው" ብላ ነገረችኝ፣ እኔም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራኋት።

ትከሻው ሲወጣ የአጥንቱን ጠርዝ ነክቶት ኖሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ጸጉር ሠሪዋ ለወራት ክንዷን ማንሳት እንደማትችል ተነገራት። ሱቁ ተዘጋ። ባለቤቷ "እከሳለሁ" አለ። ሥራ አስኪያጁ ጠበቃውን መልሶ ጠራውና ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰባቸው። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ግማሹን የአዲስ ፎጣ ካርቶኖች ይዘውታል። ጸጉር ሠሪዋ እጇ ባንገቷ ታስሮ አንዷን ወንበር ያዘች፣ አዲሷ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አክስቴ በዚያ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ስለነበረች ብቻ ነበር የተጠራችው፤ በሩን ተደግፋ ቆመች።

ሥራ አስኪያጁ ጸጉር ሠሪዋ ስትመዘገብ የፈረመችውን ወረቀት አነሳ። "'ለሚደርስብኝ ሁሉ ኃላፊነቱን ራሴ እወስዳለሁ' ይላል። ተፈራርመናል። አለቀ አይደል?"

"አላለቀም" አለ ጠበቃው፤ ጉንፋኑ አሁንም አልለቀቀውም። "ሰው መፍቀድ የሚችለው የተነገረውን አደጋ ነው። ስፖርት ስሠራ ጡንቻዬ ሊታመም ይችላል ብሎ መፈረም አንድ ነገር ነው። የአሰልጣኜን ቸልተኝነት ፈቅጃለሁ ብሎ የሚፈርም የለም። ስለዚህ የሚጠየቀው አሰልጣኟ የሚገባውን አድርጋለች ወይ ነው።"

ሁሉም ወደ አዲሷ ዞሩ። አዲሷ ጣቶቿን እያፍተለተለች ተናገረች። "ጠይቄያቸዋለሁ፤ የለብኝም አሉኝ። ክንዳቸውንም ያለ ብረት አስነስቼ አይቻለሁ። ግን ወደ ረጅሙ ብረት ከመሄዴ በፊት እንደገና መፈተሽ ነበረብኝ። ደስ ብሏቸው ስለነበር ቸኮልኩ።"

"እንግዲህ አንቺው ራስሽ ካልሽ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ "ሥራሽንም የሙያ ፈቃድሽንም..."

አክስቴ የምትፈልገው ሁሉ በእግሩ እየመጣላት ነበር። አዲሷ ልትባረር ነው። ጋሼ ፍሬን ይመለሳሉ፣ እናቶቹ ይመለሳሉ፣ ትከሻው ሲድን ጓደኛዋም ወደ ላስቲኩ ትመለሳለች። ከሷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው፤ በዝምታ ደግሞ ልምድ አላት።

ያን ጊዜ ጸጉር ሠሪዋ ተናገረች። "እሷ ምን ታድርግ! የደበቅሁት እኔ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይወጣብኛል፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባለቤቴ እንኳ አያውቅም። አንድም ሰው አያውቅም።" እንዲህ ብላ አክስቴን አየቻት፣ ያንኑ የመስታወቱን ዓይን።

እኔ ሳስበው ጓደኛዋን ከነገሩ ልታወጣት ብላ ይመስለኛል። ለአክስቴ ግን እንደዚያ አልተሰማትም። አክስቴ የሰማችው "አንድም ሰው" የሚለውን ነው።

"አንድም ሰው?" አለች።

"እህ... ምን ማለቴ ነው..."

"እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?" ድምጿ ቀጠነ። "ማነው አግዳሚ ላይ አስተኝቶ የመለሰልሽ? ይህን ሁሉ ዓመት ማነው ክንድሽን ከትከሻ በላይ ሳያስነሳ ያኖረሽ? ያንቺን ትከሻ ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?"

ጠበቃው መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንደያዘ ቀረ። "ቀስ ይበሉ፣ እናቴ" አለ። "ከመቀጠልዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ የድርጅቱ ጠበቃ ነኝ፣ የእርስዎ አይደለሁም። እዚህ የሚሉት ነገር በእርስዎ ላይ ሊመጣ ይችላል።"

"ይምጣ! አንድም ሰው አያውቅም ነው እኮ የምትለው!"

"እሺ። ስትጠየቅ የት ነበሩ?"

"እዚያው። አጠገባቸው።"

"'ሙሉ ጤና ነኝ' ስትል ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ብረቱን ስታነሳስ?"

አክስቴ አሁን ገባት። የምትመልሰው ቃል የት እንደሚያደርሳት ጠበቃው ባስተማረበት ከሰዓት በኋላ ሰምታለች። ግን አንዴ ጀምራለች፤ ደግሞም ያየችው እሷ ብቻ መሆኗን መካድ አልቻለችም። "አየሁ" አለች።

"ቃል አስገብቻት ነው!" አለች ጸጉር ሠሪዋ። "እኔ ነኝ አደራ ያልኳት!"

ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ። "ምስጢር መጠበቅ ጥሩ ነው፤ የሰው ጤና ደግሞ ምስጢር ነው። ነገር ግን 'ይህችን ሴት ረጅሙን ብረት አታስነሺያት' ለማለት ምስጢሩን ማውጣት አያስፈልግም ነበር። ይቺን ማለት ይችሉ ነበር። ትከሻውን መመለስዎም ቢሆን፣ በቅንነት ነው ያደረጉት፣ ግን ከሙያዎ ወሰን ውጭ ነው። ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ኖሮ ምናልባት..." አልጨረሰውም።

ጸጉር ሠሪዋ የሰማችው ገና አሁን ነው። "አየሽ?" አለች ቀስ ብላ። "ስቸገር እያየሽ ነበር? ለምን ዝም አልሽ?"

"ለምን ሄድሽ?" አለች አክስቴ።



ባለቤትየው አልከሰሰም፤ በኢንሹራንሱ በኩል ተስማሙ። አዲሷ ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና ሥራዋ ላይ ቆየች። አክስቴ ከጂሙ ተሰናበተች። ጥፋቱ ለሁለቱም አሰልጣኞች፣ ለጸጉር ሠሪዋም ጭምር እንደሚከፋፈል፣ የአክስቴ ድርሻ ግን ከሁሉም እንደሚበልጥ ጠበቃው አስረድቷል፤ ከማውቃቸው ነገሮች ውስጥ የማያከራክረኝ ይህ ነው። ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ነገር ታዘዘች። የምታሠራቸውን ሰዎች አንድ በአንድ፣ በየራሳቸው ፈቃድ፣ ለአዲሷ ማስረከብ አለባት። ከእንግዲህ ሰው ከአሰልጣኝ ወደ አሰልጣኝ ሲዛወር ሦስቱም አብረው ሳይቀመጡ አይሆንም ተብሎ ተወሰነ።

ሁለቱ ምንጣፍ ላይ ትይዩ ተቀመጡ። ባለጉዳዮቹ እየመጡ መሐላቸው ይቀመጣሉ። አክስቴ ግራ ጉልበትን አስረከበች። የታችኛውን ወገብ አስረከበች። ጋሼ ፍሬን ሲደርሱ፣ "ያገለገለ መኪና አደረግሽኝ አይደል? ሊብሬዬስ?" አሉ፤ "ደረጃ ሲወርዱ ድጋፍ ይያዙ በያቸው፣ ለኩራታቸው ብለው ነው የማይይዙት" አለች ለአዲሷ፣ እሳቸውን ሳታይ። አዲሷ እየደጋገመች ትጠይቃለች፤ ያልገባትን "ልሞክረው?" ብላ እጇን ታስቀምጣለች። ጥሩ ተማሪ ናት። አክስቴን ይበልጥ ያቃጠላትም ይኸው ነበር፤ አንዴ ከሰማች አትረሳም።

መጨረሻ ላይ ጸጉር ሠሪዋ ቀረች። እሷ አልመጣችም፤ ፈቃዷን በስልክ ለአዲሷ ሰጥታለች። ለአክስቴ አልደወለችም። ሐኪሙ ከፈቀደላት በኋላ ተመልሳ ከአዲሷ ጋር እንደምትሠራ ታውቋል።

አክስቴ በራሷ ክንድ አሳየች። እስከዚህ ደህና ነው። ከዚህ ሲያልፍ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ያኔ አቁሚ። ሲበርድ ይብስባታል። የደከማት ቀን አትናገርም፣ ቀልድ ታበዛለች። ዓመታት ሙሉ በመዳፏ የሰበሰበችውን ሁሉ ተናገረች፤ ስትጨርስ አዳራሹ ውስጥ የሷ የሆነ ነገር አልቀረም። ተነሳች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ በሩ ጋ ደርሳ ዞረች።

"ስትስቅ ትንፋሿን ትይዛለች" አለች። "ብረት ይዛ ሳለ እንዳታስቂያት።"

"እሺ፣ እትዬ" አለች አዲሷ። "አመሰግናለሁ።"

ማታ ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ፎጣ አላነሳችም። ያስረከበችውን ሁሉ፣ በሩ ጋ ዞራ ያለችውንም ጭምር ነገረችኝ።

"ያቺን የሳቋን ነገር እንኳ ለራሴ ማስቀረት ነበረብኝ" አለች።